ከአናቷ በላይ የተጻፈው ስም

አይናለም እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀይ ሻርፕ ያሰረች ልጅ፣ ጌሙ ውስጥ አይናለምን ሆና የምትሮጠው፣ እንደ ወትሮዋ ደሴቷ ላይ ካለው ድልድይ ጫፍ ቆማለች። ከአናቷ በላይ ሁልጊዜ ይታይ የነበረው «አይኑካ» የሚለው ቅጽል ስም ግን የለም። በምትኩ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ደሴቷን የሚጎበኝ ሁሉ ሊያነበው በሚችል ትልቅ ነጭ ጽሑፍ፣ «እህተ ማርያም» ይላል።

ክው አለች። እህተ ማርያም የክርስትና ስሟ ነው።

ይህን ስም ቄሱ ያወጡላት በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ውጪ ማንም ጠርቷት አያውቅም። እናቷ ባንቺአየሁ ነገር ማክረር የማትወድ ሴት ናት፤ በዚህ ስም ጉዳይ ግን ቀልድ አታውቅም። የሰውን የክርስትና ስም ከእናቱ ስም ጋር ይዞ ጠንቋይ ቤት የሚሄድ ክፉ ሰው አይጠፋም፣ ስለዚህ ለባዕድ አይነገርም እያለች ነው ያሳደገቻት። አይናለም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ባዮሎጂ ትወዳለች፤ ስለ ድግምት ሲወራ ትስቃለች። የምትስቀው ግን በቀን፣ ያውም ሰው መሃል ስትሆን ነው።

«እህተ ማርያም ደሞ ማናት?» አለ ወንዳወቅ ከኋላዋ። ወንዳወቅ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ያለችው የዚህች ጌም ቤት ባለቤት ነው። እየዞሩ የደንበኛን ስክሪን ማየት ከሥራው አንዱ ይመስለዋል።

«እኔ እንጃ፣ ጌሙ ራሱ የሰጠኝ ነው» አለችው ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

ዓይን ያወጣ ውሸት ነበር። ለጌሙ ስሙን የሰጠችው ራሷ ናት። ያኔ አካውንቱን ስትከፍት ኩባንያው፣ የይለፍ ቃል ቢጠፋብሽ ማንነትሽን የምናረጋግጥበት፣ ከቤተሰብሽ በቀር ማንም የማያውቀው ስም ጻፊ ብሏት ነበር። የሌላ አገር ልጅ ቢሆን የድመቱን ስም ይጽፍ ይሆናል። አይናለም ግን ማንም የማያውቀው ስም ሲባል የመጣላት አንድ ብቻ ነው። እንዲያውም ጥያቄው ለእሷ ታስቦ የተዘጋጀ መስሏት ደስ ብሏት ነበር።

ደሴቷም ብትሆን የእሷ ብቻ አልነበረችም። ያምሮት የክርስትና እህቷ ናት፤ አይናለምን ክርስትና ያነሷት የያምሮት እናት እትዬ ሰርካለም ናቸው። ሁለቱ ልጆች አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ሲማሩ ኖረው፣ የያምሮት ቤተሰብ ወደ ቡሬ ሲዛወር ተላቅሰው ተለያዩ። ከዚያ ይህን ጌም አገኙ። አንድ አካውንት ለሁለት ከፈቱ፤ ቅዳሜ አይናለም ከፍኖተ ሰላም ትገባለች፣ እሁድ ያምሮት ከቡሬ። ከድልድዩ በስተግራ ያምሮት በቆሎ ትዘራለች፤ በስተቀኝ አይናለም ቤት ትሠራለች። ከመውጣታቸው በፊት እያንዳንዳቸው ድልድዩ ላይ ያለውን ፋኖስ ያበራሉ፣ ሌላዋ ስትመጣ መጥታ ነበር እንድትል።

ኋላ ኢንተርኔት ጠፋ። ጠፍቶም ከረመ። ሲመለስ ደግሞ ወሬው ሁሉ ጌሙ ሊዘጋ ነው፣ ኩባንያው ከስሯል የሚል ሆነ። አይናለም እየፈራች ገብታ ያገኘችው ግን ሌላ ነበር። ኩባንያው ረጅም ደብዳቤ ጽፎ ጠበቃት። በክፍል እንግሊዝኛዋ እየተንገዳገደች አነበበችው። ይህን መድረክ አንዘጋውም ይላል። ተጫዋች ቢያንስም አንዘጋውም፤ ለረጅም ጊዜ የጠፋችሁትን እንጠብቃለን፤ የሠራችሁት ሁሉ በቦታው አለ፤ ቃል እንገባለን። ቃል እንገባለን የሚለውን መልሳ አነበበችው። በዚያ ሰሞን ቃል የገባላት ሰው አልነበረም።

ከደብዳቤው በታች ሁለት ጥያቄዎች ነበሩ። አንደኛው ያንን ምስጢራዊ ስም የሚጠይቅ ነው፤ ጻፈች። ሁለተኛው፣ ከአንቺ ሌላ ይህን አካውንት የሚጠቀም ሰው አለ ወይ ይላል። አዎ ካልሽ አካውንቱ ተመርምሮ እስኪያልቅ ይታገዳል፣ ሊዘጋም ይችላል የሚል በደቃቅ ፊደል ከሥሩ ሰፍሯል። አይናለም «የለም» የሚለውን ተጫነች። ለያምሮት በኋላ እነግራታለሁ አለች። አልነገረቻትም። በሚቀጥለው ሳምንት ስትገባ ፋኖሱ አልበራም ነበር፤ አይታ እንዳላየች አለፈችው።

አሁን ያ ምስጢራዊ ስም ከአናቷ በላይ ተሰቅሏል።

ለማጥፋት ስትሞክር፣ ከድልድዩ ማዶ ግራጫ ካፖርት የለበሰ እንግዳ ብቅ አለ። ስሙ «ጎረቤት» ይላል። አይታው አታውቅም። ቀስ ብሎ መጥቶ ፊት ለፊቷ ቆመ፤ ከታች ባለችው የመልእክት ሳጥን ውስጥም ፊደላት መታየት ጀመሩ።

«እህተ ማርያም።»

ስሙን ለማጥፋት እንደገና ሞከረች፤ ሌላ መስመር ተከተለ።

«የእናትሽንም ስም አውቃለሁ። ባንቺአየሁ።»

ጌም ቤቱ ውስጥ ልጆች እየተሳሳቁ በኮምፒውተር ኳስ ይጫወታሉ፤ ለእሷ ግን ድምፁ ሁሉ የራቀ መሰላት።

«ደሴቷን ለቀሽ ውጪ። አለዚያ የሁለታችሁ ስም የሚሄድበት ቦታ አለ።»

አይናለም ኮምፒውተሩን ሳትዘጋ ተነሳች። ወንዳወቅ ሰዓትሽ ገና ነው ብሎ ሲጣራ ሰምታዋለች፤ ዞራ ግን አላየችውም።

ቤት ስትደርስ በሩ ገርበብ ብሏል። ባንቺአየሁ በዚህ ሰዓት በርበሬ ተራ መሆን ነበረባት፤ አልጋ ላይ ናት። ፀሐይ አናት በሚበሳበት ቀትር ሁለት ጋቢ ደርባ ትንቀጠቀጣለች፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል።

«አይኔ፣ መጣሽ? በረደኝ» አለች።

ሁለት ስም ተጠርቶ ገና ሰዓት አልሞላውም። የባዮሎጂ መጽሐፏ ስለዚህ የሚለው ነገር እንዳለ ታውቃለች፣ ግን በዚያች ደቂቃ አንዲት ገጽ ትዝ አላላትም። አባቷ ላቀው በቆሎ ለመሰብሰብ ገጠር ወርዷል፤ ስልኩ አይሠራም። ጎረቤት ጠርታ እናቷን በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረሰቻት።

ደም ተወሰደ። ወጣቱ የጤና ባለሙያ ውጤቱን ይዞ ሲመጣ ወባ ነው አለ፣ ዘንድሮ ከተማውን ያንገላታው ይኸው ነው፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ትውሰድ። አይናለም ተከትላው ኮሪደር ወጣች።

«ሌላ ነገር ሊሆን አይችልም?» አለችው።

«ምን እንዲሆን ፈልገሽ ነው?» አለ፤ ፊቷን አይቶ ግን ፈገግታውን ተወው። «ጀርሙን በዓይኔ አይቼዋለሁ። አይዞሽ።»

አይዞሽ መባሉ አልጠቀማትም። ጀርሙን ማን እንደላከው በማይክሮስኮፕ አይታይም የሚል ክፉ ሐሳብ አናቷ ላይ ወጥቶ አልወርድ አለ። እናቷን ስታስታምም ሰነበተች። ውኃ ታቀርባለች፣ መድኃኒት ትሰጣለች፣ ግንባሯን ትዳስሳለች። ልትነግራት ብዙ ጊዜ አፏን ከፍታለች። «እማ፣ ስሜን አወጣሁት» ማለት ብቻ ነው። ግን የታመመ ሰው ላይ ይህን መጫን ጭካኔ መሰላት፤ ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ የእናቷን ዓይን ፈራች።

ጌም ቤት አልሄደችም። ደሴቷን ትታ ልትሸሽ ወሰነች፤ ይውሰዳት፣ ብቻ እናቷን ይተውላት። ይህን ስታስብ ነው አንድ ነገር ያቃጨለባት። ይህ ሰው ለምን ደሴቷን ፈለገ? ሌላ ቦታ የማትሸጥ፣ የማትለወጥ፣ የበቆሎ ማሳና ጥቂት የእንጨት ቤት ያለባት ደሴት ናት። ለማን ትጠቅማለች?

ደግሞ ስሙን ማን ያውቃል? እናቷ ታውቃለች። አባቷ ያውቃል። የንስሐ አባታቸው አባ ወልደ ዮሐንስ ያውቃሉ፤ እሳቸው ኮምፒውተር ቢያዩ እንኳ ቴሌቪዥን ነው ብለው ዞር የሚሉ ሰው ናቸው። ክርስትና ያነሷት እትዬ ሰርካለም ያውቃሉ።

የእትዬ ሰርካለም ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ማን አለ?

እንጀራ እየቆረሰች ነበር፤ እጇ ሰሃኑ ላይ ቀረ። እስካሁን የፈራችው የማታውቀውን ሰው ነበር። የምታውቀውን ሰው መፍራት ይብሳል።

የባንቺአየሁ ትኩሳት ለቀቃት። መቀመጥ፣ ሾርባ መጠጣት፣ ኋላም እንደ ልማዷ መነዛነዝ ጀመረች፤ አይናለም በሕይወቷ የእናቷን ንዝንዝ እንደዚያ ወድዳ አታውቅም። ሰርካለም ሰሞኑን በስልክ ስትጨነቅልኝ ነው የከረመችው፣ ቡሬ ደርሰሽ ድኛለሁ በይልኝ ስትላት፣ አይናለም ምክንያት መፈለግ አላስፈለጋትም። መንገዱ ደህና መሆኑን መናኸሪያ ጠይቃ በጠዋቱ ሚኒባስ ሄደች። መንገዱን ሙሉ መስኮቱን ተደግፋ፣ ያምሮት ባትሆን ምን እላለሁ እያለች ፈራች፤ ብትሆን ምን እላለሁ እያለችም ፈራች።

እትዬ ሰርካለም አቅፈው ጉንጯን እያገላበጡ ሳሟት። «እናትሽ እንዴት ናት? እውነቱን ንገሪኝ» አሏት።

«ድናለች እትዬ። አይጨነቁ ብላዎታለች።»

እመቤቴን አመሰገኑና ያምሮት ከጓሮ ናት፣ እኔ ለባንቺአየሁ ልደውልላት ብለው ገቡ።

ጓሮው ቀይ ነው። ከጥግ እስከ ጥግ በሸራ ላይ በርበሬ ተሰጥቷል። ያምሮት መሃሉ ቁጢጥ ብላ፣ አፍንጫዋን በነጠላ አስራ፣ ያልቀላውን ከቀላው ትለያለች። ከስታለች። አይናለምን ስታይ ልትነሳ ብላ ተወችው።

«ጎረቤት ማነው?» አለች አይናለም። ሰላምታውን ዘለለችው፤ ቀድማ ካልጠየቀች ድፍረቷ እንደሚያልቅ ታውቃለች።

«የምን ጎረቤት?»

«ደሴታችን ላይ የመጣው።»

«እኔ ደሴት የለኝም» አለች ያምሮት።

ያምሮት እጇ ላይ የነበረውን በርበሬ ወረወረችና መናገር ጀመረች። ኢንተርኔት ሲመለስ፣ እሁድ ከቅዳሴ ወጥታ ቁርስ እንኳ ሳትቀምስ ወደ ጌም ቤት ሮጣ ነበር። ኮምፒውተሩ ግን አላስገባትም። የዚህ አካውንት ባለቤት ከእኔ ሌላ ሰው የለም ብላለች የሚል ጽሑፍ አወጣ። ስህተት ነው ብላ ደጋግማ ሞከረች። ልጆች አዩዋት፣ ሳቁባት።

«እንዳይዘጋብን ብዬ ነው» አለች አይናለም፤ ድምፅዋ ለራሷም አልጣማትም።

«ለእኔማ ተዘግቶ ነበር። አንድ ስልክ መደወል አቅቶሽ ነው? አንቺ ስትገቢ የእኔ ፋኖስ ያልበራው መብራት ጠፍቶብኝ መሰለሽ?»

አይናለም አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«በሌላ አካውንት በእንግድነት ገባሁ» አለች ያምሮት፤ «በቆሎዬን ልይ ብዬ ብቻ። ስምሽን ከአናትሽ በላይ አየሁት። ማርያምን፣ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ግን ሳየው... ላስፈራራሽ ፈለግሁ። በጣም እንድትፈሪ ፈለግሁ።»

«ፈርቻለሁ» አለች አይናለም። «ቤት ስገባ እማ እየተንቀጠቀጠች ነበር።»

ያምሮት ነጠላውን ከአፍንጫዋ አወረደች። «እናቴ በስልክ ባንቺአየሁ ታማለች ስትል ሰማሁ። እኔ የጻፍኩት ዕለት ነው አይኑ። እኔ ያደረግሁት መሰለኝ። ለማንም አልነገርኩም፣ የትም አልሄድኩም፣ ስሟን ጻፍኩት ብቻ። ከዚያ ወዲህ እህል አይወርድልኝም። እናቴ ስልክ ባነሳች ቁጥር ሞተች ልትል ነው እያልኩ...»

«ወባ ነው። በደሟ ውስጥ ታይቷል።»

«ሌላ ነገር ሊሆን አይችልም?»

አይናለም ያንን ጥያቄ ከሰው አፍ ስትሰማው ሊያስቃትም ሊያስለቅሳትም ደረሰ። የጤና ባለሙያው ያላትን አለቻት፤ ጀርሙን በዓይኑ አይቶታል፣ አይዞሽ። ይህን ስትል እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ራሷም እንዳላመነችው፣ አሁን ግን እንዳመነችው ታወቃት። ያምሮት በበርበሬ እጇ ዓይኗን ልትጠርግ ስትል ያዘቻት፤ በራሷ ሻርፕ ጠረገችላት።

«እኔ ነኝ የጀመርኩት» አለች አይናለም። «የለም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ያምሮት ወደ ቤቱ ዞራ እናቷ አለመምጣታቸውን አረጋገጠች፣ ወደ አይናለም ጆሮ ጠጋ ብላም አንድ ስም ነገረቻት። የራሷን የክርስትና ስም። አይናለም በዚህ ሁሉ ዓመት ሰምታው አታውቅም።

«አሁን አንቺም የእኔን ያዥ» አለች ያምሮት። ድምፅዋ ውስጥ ፍርሃት ነበረበት፤ ቢሆንም ከአፏ የወጣውን ልትመልሰው አልሞከረችም።

ቅዳሜ አይናለም ጌም ቤት ገባች። የኩባንያው ሌላ ደብዳቤ ጠበቃት። አካውንቶችን ወደ አዲስ ቦታ ስናዛውር የአንዳንዶች ምስጢራዊ መልስ በስህተት አደባባይ ወጥቷል፣ ታርሟል፣ ይቅርታ ይላል። መድረኩን ላለመዝጋት የገባነው ቃል እንደ ጸና ነው፤ ነገር ግን ሁለቱን ጥያቄዎች እንደ አዲስ መልሱ።

ቀይ ሻርፕ ያሰረችው ልጅ ከአናቷ በላይ «አይኑካ» ተብላለች። አይናለም ግን አንዴ የወጣ ነገር እንደማይመለስ ታውቃለች፤ ስንት ሰው እንዳነበበው ማንም ሊነግራት አይችልም። ትናንት ማታ ለእናቷ ነግራታለች። ባንቺአየሁ አባ ወልደ ዮሐንስ ዘንድ አብረን እንሄዳለን አለች እንጂ አልተቆጣችም። ለአይናለም ቁጣው ይሻላት ነበር።

የመጀመሪያው ሳጥን ምስጢራዊ ስም ጠየቀ። ቡሬ ጓሮ ውስጥ የተነገራት ስም አፏ ላይ መጣ፤ መልሳ ዋጠችው። የጌም ቤቱ ደጃፍ ላይ የምትተኛውን ድመት ስም ልትጽፍ አሰበች፤ ድመቷ ስም ስላልነበራት እዚያው አወጣችላትና ጻፈችው።

ሁለተኛው ጥያቄ እንደ በፊቱ ነው። ከአንቺ ሌላ ይህን አካውንት የሚጠቀም ሰው አለ ወይ? ደቃቁ ጽሑፍም ከሥሩ አለ። ይታገዳል፣ ሊዘጋም ይችላል። የሠሩት ቤት፣ በቆሎው፣ ድልድዩ፣ ሁሉም። ልጅቷን ድልድዩ ድረስ ወሰደቻትና ፋኖሱን አበራች። ከዚያ ተመልሳ «አዎ» የሚለውን ተጫነች።

ስክሪኑ ግራጫ ሆነ። የሌላኛዋን ተጠቃሚ ስም ጻፊ አላት።

«ያምሮት» ብላ ጻፈች፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ስም። ከዚያም ወንዳወቅን ስልክህን አውሰኝ አለችው፣ ቡሬ የምደውልላት ሰው አለች።